ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የአእምሮ ሕመም መርፌ፦ የማኅበረሰብ ነርሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለስኪዞፍሬኒያና ለመሰል ሕመሞች በጡንቻ የሚሰጡት ለረጅም ጊዜ የሚሠሩ መርፌዎች እንደ ዓይነታቸው ከ2 ሳምንት እስከ 6 ወር ያገለግላሉ። መርፌውን መስጠት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ታካሚው ግን መድኃኒቱን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በሰውነቱ ይዞት ይኖራል። ነርሶች ከሚፈጽሟቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ይመስለኛል።

ከሁሉም የሚከፋው የመድኃኒቱን ጉዳት የሕመሙ ማገርሸት አድርጎ መተርጎም ነው። አካቲዥያ (መድኃኒቱ የሚያመጣው አላስቀምጥ የሚል መረበሽ) የያዘው ሰው እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ መርጋት ያቅተዋል፤ እግሮቹን ያፈራርቃል፣ ይንጎራደዳል፣ ሲጠየቅም «ውስጤ አላርፍ አለኝ» ከማለት የተሻለ ቃል ላያገኝለት ይችላል። ነርሷ ይህን ቁጣ ወይም ያገረሸ ሕመም ብላ ከመዘገበችው የመድኃኒቱ መጠን ሊጨመር፣ ሥቃዩም ሊብስ ይችላል። ክኒን ቢሆን ማቆም ወይም መቀነስ ቶሎ ይቻላል፤ የተወጋ መርፌ ግን ተመልሶ አይወጣም። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ የሆነው ሃሎፔሪዶል ዲካኖኤት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 3 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ሲሪንጁ ከመሞላቱ በፊት «መረበሹ የሚሰማዎት በሐሳብዎ ነው ወይስ በእግርዎ? የጀመረዎትስ ከመርፌው በኋላ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በታካሚው ቃል ጽፎ መድኃኒቱን ላዘዘው ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠርም የተለመደ ነው። ቀጠሮውን ሳያዛንፍ የሚመጣ፣ ተወግቶ የሚሄድ ታካሚ «ጥሩ ታካሚ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ምናልባት ግን ሰውየው እምቢ ቢል ሆስፒታል የሚመልሱት መስሎት ይሆናል። በአንዳንድ አገሮች በሕግ ትእዛዝ የሚታከሙ ሰዎች ስላሉ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ያው አንድ ታካሚ መርፌው በየቀኑ ክኒን ከማስታወስና «ዋጥክ ወይ?» ከሚል የቤተሰብ ጭቅጭቅ እንዳሳረፈው ሊናገር፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ቅጣት እንደሚቆጥረው ሊጨምር ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን መርጦ መመዝገብ አይገባም።

ሰውነትን ስለማጋለጥ ሳይጠይቁ መውጋት ደግሞ ለታካሚው ትልቅ፣ ለሚወጋው ነርስ ትንሽ የሚመስል ስህተት ነው። በርካታ መርፌዎች በትከሻ ጡንቻም በመቀመጫም ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ የመድኃኒቱ መመሪያ እስከፈቀደ ድረስ ምርጫው የታካሚው ይሁን፤ ጎኑም በየጊዜው ይቀያየር። ከዚህ ጋር የሚሄደው አሳፋሪ የሚባሉትን ጥያቄዎች መዝለል ነው። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ስለሚያደርጉ የወር አበባ ሊቋረጥ፣ ጡት ወተት ሊያፈስ፣ የወሲብ ፍላጎት ሊጠፋ ይችላል። ታካሚው ይህን በራሱ አንሥቶ የመናገሩ ዕድል ጠባብ ነው፤ ነርሱም ካልጠየቀ ታካሚው ምክንያቱ ሳይታወቅ መርፌውን ሊተው ይችላል። ክብደትና የደም ስኳር መከታተልም አይዘለል።

«መርፌ ጀምረዋልና ክኒኑን ይተዉት» ማለት ሁልጊዜ አያስኬድም። በየወሩ የሚሰጠው አሪፒፕራዞል ሲጀመር በተለመደው አሰራር ክኒኑ ለ14 ቀናት ይቀጥላል፤ በየ2 ሳምንቱ የሚሰጠው ሪስፐሪዶን ደግሞ 3 ሳምንት ያህል የክኒን ድጋፍ ይፈልጋል። ኦላንዛፒን ፓሞኤት በድንገት በብዛት ወደ ደም ገብቶ ከባድ እንቅልፍና መደናገር ሊያስከትል ስለሚችል፣ ታካሚው በጤና ተቋም ቢያንስ 3 ሰዓት ክትትል ሳይደረግለት መሸኘት የለበትም፤ የቤት ለቤት ጉብኝት ለዚህ መርፌ አይሆንም።

በመጨረሻ፣ ያለፈ ቀጠሮን እንደ አመፅ መቁጠር አለ። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ በቀስ በመሆኑ መርፌ ያመለጠው ሰው ለሳምንታት ደኅና ሊሰማው፣ «ለካ አያስፈልገኝም» ብሎም ሊደመድም ይችላል፤ ሕመሙ የሚያገረሸውም ዘግይቶ ነው። በወር አንዴ የሚሰጠው ፓሊፐሪዶን በመደበኛው ክትትል ወቅት ከቀጠሮው 7 ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊሰጥ ይችላል፤ ካለፈው መርፌ 6 ሳምንት ካለፈ ግን እንደ አዲስ የመጀመር ሥርዓት አለው። ይህን የሚያውቅ ነርስ ታካሚው በቀረ ማግስት ይደውላል፤ የመጀመሪያ ጥያቄውም «ለምን ቀሩ?» ሳይሆን «ምን አጋጠመዎት?» የሚል ይሆናል።