መፅሀፍ ልታሳትሙ ነው? መጀመሪያ ዘጌ ደርሳችሁ ኑ

ባህርዳር ሆናችሁ መፅሀፍ ለማሳተም እያሰባችሁ ከሆነ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን በጀልባ ጣና ሀይቅ ላይ ወዳለችው ዘጌ ተሻገሩና ኡራ ኪዳነምህረት ገዳም ያሉትን የብራና መፅሀፎች አስፈቅዳችሁ እዩ (እዛው ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፣ ኡራ ግን ሁሉም ይገባል)። እኔ የመጀመሪያ መፅሀፌን ያሳተምኩት ይሄን ሳላይ ነው፣ ስለ ሽፋኑ ብቻ ስጨነቅ ከርሜ ጥራዙን አልጠየኩም፣ ለካ በሙጫ ብቻ ነው የተያዘው፣ ሁለት ሶስቴ ሲገለጥ ወረቀቱ እየተነቀለ መውደቅ ጀመረ፣ አንዲት አንባቢ በላስቲክ አስራ ስታመጣልኝ በጣም ነው ያዘንኩት።

ብራናው ስንት መቶ አመት የቆየው ቆዳ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ እየታጠፈ ጥራዝ በጥራዝ በክር ተሰፍቶ ከእንጨት ገበታው ጋር ስለታሰረ ነው፣ ከዛ ላይ ቆዳ ይለብሳል፣ ማህደር (የቆዳ መያዣው) ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ "በክር ይሰፋልኝ" በሉ፣ ዋጋው ይጨምራል ግን ያዋጣል። ትልቁ ወረቀት ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገፅ ነው ሚወጣው፣ ስለዚህ መፅሀፋችሁን 160 ወይ 176 ላይ ለማሳረፍ ሞክሩ፣ 163 ላይ ካቆማችሁ ለባዶ ገፅ ትከፍላላችሁ። ወረቀቱን ደሞ በሁለቱም በኩል ጎንበስ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ በቀላሉ እሺ ብሎ ሚታጠፍበት መስመር ከላይ ወደታች ከጀርባው ጋር መሄድ አለበት፣ አለዚያ መፅሀፉ አልገለጥ ይላል።

የገፁ አሰራር ላይ ከብራና ፀሀፊዎቹ ብዙ ተምሬያለሁ። መፃፍ ሳይጀምሩ በወስፌ ወግተው መስመር ያሰምራሉ፣ ከስር ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋሉ፣ አውራ ጣት ሚያርፈው እዛ ነው፣ ፊደሉን አይሸፍንም። እኛ ግን ወረቀት ለመቆጠብ ብለን እስከ ጠርዝ እንሞላለን። የኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ወጣ ገባ አይልም፣ አብዛኛው ሙሉ ቁመት ይይዛል፣ ስለዚህ ፊደሉ 11 ፖይንት ከሆነ የመስመሩን ርቀት 16 ወይ 17 ፖይንት አድርጉት፣ አይን ያርፋል። ጀስቲፋይ ስታደርጉ (መስመሩን ግራና ቀኝ እኩል ስታስጨርሱ) መሀል መሀሉ ላይ እንደ ቀዳዳ ሚከፈተው ደሞ ቃሎቻችን ረጃጅም ስለሆኑና ኮምፒውተሩ ስለማይቆርጣቸው ነው፣ ፀሀፊዎቹ መስመር ሲያልቅባቸው ቃሉን የትም ፊደል ላይ ቆርጠው ይቀጥላሉ፣ በቃልና ቃል መሀል ሁለት ነጥብ (፡) ስላለ አንባቢ አይሳሳትም። ሁለት ነጥብ ካልተጠቀማችሁ ወደ ግራ ብቻ አስጠጉት፣ ያምራል።

ቀይ ቀለምም እንዲሁ፣ ለቅዱሳን ስምና ለመጀመሪያ መስመሮች ነው ሚያወጡት፣ እናንተም አንድ ማድመቂያ ምረጡና በሱ ፅኑ፣ ቦልዱም ኢታሊኩም ከስር መስመሩም አንድ ገፅ ላይ አይብዛ።

ቴሌግራም ላይ ደሞ ከማተማችሁ በፊት ምእራፎቹን በድምፅ እያነበባችሁ አንድ በአንድ ፖስት አድርጉ። ፖስቱን ያየው ሰው ቁጥር የቱ ምእራፍ ላይ እንደሚቀንስ ታያላችሁ፣ እዛ ላይ ለምን እንደቀነሰ የምታውቋቸውን ተከታዮች በውስጥ መስመር ጠይቋቸው። እኔ ሁለተኛው መፅሀፌ ላይ እንደዚህ አድርጌ አንድ ምእራፍ ሙሉ ቆረጥኩ፣ ጮክ ብዬ ሳነበው እኔንም ደከመኝ።

ከዛ አንድ ናሙና ብቻ አሰሩ። ባጃጅ ውስጥ፣ ማታ በደካማ መብራት፣ መነፅር ለሚያረጉ እናታችሁ ሰጥታችሁ ሞክሩት። መሀሉን ገልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ እጃችሁን ስታነሱ ከተዘጋ ወይ ጀርባው ከተሰነጠቀ ለቀሪው ኮፒ አትፈርሙ።