ዘንቢላችንና ወቅቱ፦ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሐምሌ ሰፈሬ ጉሊት ላይ አንዲት ወጣት ቲማቲም ስታማርጥ አየሁ። መደቡ ላይ ካለው ግማሹ ለስልሷል፣ ግማሹ ገና ጥሬ ነው። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ከጎኑ ጠዋት የተቆረጠ የሐበሻ ጎመን ተከምሯል፣ ውሃው ገና ከቅጠሉ አልደረቀም። ሻጯ እናት "ልጄ፣ ዛሬ ጎመኑን ውሰጂ። ቲማቲሙን ዝናብ መቶታል" አሏት። ልጅቷ ግን ለምሳ ያሰበችው ሌላ ነበርና ቲማቲሙን ገዝታ ሄደች።

እኔም ለዓመታት የምገዛው እንደዚያ ነበር። አሁን ገበያ ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው "ዛሬ ምን ጥሩ ገባ?" ብዬ ነው። ይቺ አንዲት ጥያቄ የቤቴን ማዕድ ቀይራዋለች። ከዚያ በፊት ስሳሳታቸው የኖርኩትን፣ ሌሎችም ሲሳሳቱ የማየውን እነሆ።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነገር መግዛት

ቲማቲም እርጥበት አይስማማውም። ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉንም ፍሬውንም የሚያበሰብስ በሽታ ይይዘዋል። ስለዚህ በክረምት ይወደዳል፣ ቶሎም ይበላሻል። በበጋ ግን ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ በመስኖ የለማው ሲገባ ገበያው ይጠግባል። ያኔ ቀይ፣ ጠንካራ፣ ጣዕም ያለው ቲማቲም በርካሽ ይገኛል።

እያንዳንዱ ነገር ተራ አለው። ሚያዝያና ግንቦት የአሶሳ ማንጎ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ኮክ፣ በለስ፣ እሸት በቆሎና ጎመን ነው። መስከረምና ጥቅምት የባቄላና የአተር እሸት ይደርሳል። አባቶቻችን መስከረም ሲጠባ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። ክረምቱን በጎመን ገፍተው አዲስ እህል ሲደርስ ድስቱም ተራውን ይቀይራል። የወጥ ቤት ቀን መቁጠሪያ ማለት ይህ ነው። እኛ ከተማ ስንገባ ጣልነው እንጂ ዛሬም ይሠራል።

በመልክ ብቻ መምረጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

ማንጎን እንውሰድ። የሀገራችን ማንጎ ብዙው በስሎም አረንጓዴነቱን አይለቅም። ስለዚህ ቀለሙ አያታልላችሁ። እንጨቱ የተቆረጠበትን ቦታ ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት። ጣፋጭ ሽታ ካለው በስሏል። ምንም ካልሸተተ ቀን ይጠብቅ። ልጣጩ ላይ ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ ነጠብጣብ ካያችሁም አትሽሹ። ይህ ማንጎን የሚያጠቃ ነጭ ተባይ የተወው ምልክት ነው። ተባዩ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን ገበሬውን ክፉኛ ጎድቶታል። ምልክቱ ግን ልጣጩ ላይ ነው፣ ስትልጡት አብሮ ይሄዳል። ውስጡ ንጹሕ የሆነ ማንጎ በመልኩ የተነሳ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

ሙዝ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከአርባ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይበስላል። አንዳንድ ቦታ ኬሮሲን እያነደዱ በጭሱ ነው የሚያበስሉት። እንዲህ ያለው ሙዝ ላዩ አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኖ ውስጡ ይደርቃል። አንዳንዴ ሽታውም ያስታውቃል። እኔ አረንጓዴ የቀረበትን ገዝቼ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ያኔ ጣፍጧል።

አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም። ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚበስለው። ችግሩ ሳይደርስ የተለቀመው ነው። ይጨማደድና ውሃ ውሃ ይላል። በአውራ ጣት መሃሉን ከመጭመቅ አንገቱ ጋ ቀስ አድርጎ መንካት ይሻላል። ሁሉም ገዢ መሃሉን ሲጫን የሚጠቁረው ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እጅ ላይ ነው። ለማፍጠን ከፈለጋችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሉት።

ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ መክተት

አንድ ግንቦት ላይ ማንጎ ረክሶ ስላገኘሁ ወደ አሥር ኪሎ ገዛሁ። እንዳይበላሽብኝ ብዬ ጥሬውንም የበሰለውንም አንድ ላይ ፍሪጅ ከተትኩት። ከሳምንት በኋላ ሳወጣው ጥሬው ልጣጩ ጠቁሮ፣ ውስጡ ደንዝዞ ቀረ። ጣዕም የሚባል ነገር የለውም። ያልበሰለ ማንጎ ብርድ ካገኘው መብሰሉን ያቆማል። ያን ሁሉ ስደፋ ገበሬው እያሰብኩት አዘንኩ።

መጀመሪያ ውጭ ይብሰል፣ ከዚያ ፍሪጅ ይግባ። ቲማቲም ጣዕሙ በብርድ ስለሚጠፋ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ሽንኩርት አየር የሚያገኝ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ድንች ጨለማ ይወዳል። ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ ሆድም ያውካል። ሽንኩርትና ድንች አንድ ዘንቢል ውስጥ አይቀመጡ። ፌስታል ግን ለማንኛቸውም አይሆንም። ያልበዋል፣ ያበሰብሳልም።

እሸት በቆሎን ማሳደር

በቆሎ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች ይለወጣል። የጠዋቱ እሸት ማታ ላይ ሌላ ነው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጥርስ ያደክማል። ከሰል ላይ ተጠብሶ የሚሸጠውን ስትገዙ ከመጠበሱ በፊት ሽፋኑን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ሽፋኑ አረንጓዴና እርጥብ መሆን አለበት። ፍሬውን በጥፍር ስትነኩት ወተት የመሰለ ነገር ካፈሰሰ ለጋ ነው። ለቤት ከገዛችሁ የዚያኑ ቀን ቀቅሉት ወይም ጥበሱት።

ማጠብ ላይ መሳሳት

ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው ከገበያ እንደመጣ ሁሉንም አጥቦ ማስቀመጥ ነው። እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ ቃሪያና ቆስጣ በሁለት ቀን ይሻግታል። የሚታጠበው ሊበላ ሲል ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ የሚለማ ነው። ያ ውሃ የከተማውንም የፋብሪካውንም ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰላጣን በሳህን ውሃ ነካ አድርጎ ማውጣት አይበቃም። ቅጠል በቅጠል እየነጠላችሁ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ቢጨመርበት ጥሩ ነው፣ ግን የሚፈሰውን ውሃ አይተካም። ጃርዲያና ወስፋት በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም። የት እንደበቀለ የማታውቁትን አብስላችሁ ብሉት። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካለ እኔ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

ጎመን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት

ብዙ ቤት ጎመን ይከተፋል፣ በብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ አረንጓዴው ውሃ ይደፋል። ከውሃው ጋር ቫይታሚን ሲና ፎሌት አብረው ይሄዳሉ። እኔ ሳልከትፈው አጥባለሁ። ከዚያ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ ጎመኑን እጨምርበትና ክድን አድርጌ በራሱ ውሃ አበስለዋለሁ። ቅጠሉ የጠነከረ ከሆነ ትንሽ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ። መቀቀል ግድ ከሆነባችሁ ውሃውን ለሽሮ አስቀሩት።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አትቀንሱ። ሰውነታችን ከጎመንና ከካሮት ቫይታሚን ኤ ለማግኘት ትንሽ ቅባት ይፈልጋል። ሲቀርብ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ወይም ጥሬ ቃሪያ አብሮ ቢበላ ደግሞ የጎመኑን አይረን በተሻለ ይወስዳል።

ፍራፍሬን ሁሉ ጁስ ማድረግ

ስፕሪስ እወዳለሁ። ግን አንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውን ማንጎ፣ አቮካዶና ፓፓያ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ስንት ነው? በዚያ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። ሲጠለል ደግሞ ሆድን የሚያለሰልሰው አሰር ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ብሉ ይላል። ፍሬውን ራሱን ብሉት።

ሲረክስ አለማስቀረት

የካቲት ላይ ቲማቲም ሲጠግብ ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ ሣጥን መግዛት ያዋጣል። ልጡት፣ ክተፉት፣ ውሃው እስኪመጥ አብስሉት። ሲቀዘቅዝ ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን እየከፋፈላችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት አስቀምጡት። ሐምሌ ላይ ያቺን የለሰለሰች ቲማቲም አትለማመጡም።

የራስን ፍሬ መናቅ

እንግዳ ሲመጣ ከውጭ አገር የገባ ፖም የምናቀርብ፣ በዚያው ሳምንት ከደጃችን የሚሸጠውን ኮክና ዘይቱን የምናልፍ ብዙ ነን። ፖሙ ከተለቀመ ወራት ሊሆነው ይችላል። ኮኩ ግን ምናልባት ትናንት ዛፍ ላይ ነበር።

በለስንም እንዲሁ እሾሁን ፈርተን እንተወዋለን። ነሐሴ ላይ የሚሸጡትን ልጆች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ጫፍና ጫፉን ይቆርጣሉ፣ ልጣጩን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይሰነጥቁታል፣ ከዚያ እንደ ብርድ ልብስ ይገልጡታል። ፍሬው ሳይነካ ብድግ ይላል። ቤት የምትልጡ ከሆነ መጀመሪያ በብሩሽና በውሃ ፈትጉት፣ በሹካ ወግታችሁም ያዙት። ዘሩ ብዙ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከበዛ ሆድ ያደርቃል። ለልጅ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃዋል፣ ውሃም አብራችሁ ስጡት።