ካቴናው ዱቄት ከተፋ ሞረድ ያዙ

ጎንደር አዘዞ አካባቢ ባህር ዛፍ የምትቆርጡ፣ የሞተር መጋዛችሁ ፍቅፋቂ ትቶ እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ከተፋ ካቴናው ዶልዱሟል። በጉልበት አትጫኑት፣ ሞተሩን ትጎዳላችሁ።

አጥፉት፣ ፍሬኑን ያዙ፣ ጓንት አድርጉ። ክብ ሞረድ ነው የሚያስፈልገው። ውፍረቱ እንደ ካቴናው ይለያያል፤ 4፣ 4.8 ወይም 5.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ቁጥሩን ሳታውቁ ገበያ አትውጡ።

ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፉ። ስትመልሱ አንሱት፤ ወዲህ ወዲያ መፈግፈግ ሞረዱን ይጨርሳል እንጂ ጥርሱን አይስልም። ሞረዱን የምትይዙበት ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ነው። መጀመሪያ አጭሩን ጥርስ ፈልጉ፣ ሌሎቹን በሱ ልክ አውርዱ። ግራና ቀኙ ካልተስተካከለ መጋዙ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ደግሞ ልጡ ላይ ጭቃ ካለ ቀድማችሁ ጥረጉት፤ የተሳለ ካቴና ቶሎ የሚያደነዝዘው አፈር ነው።