ድምፃችሁ ሳይገለበጥ ለመሥራት፦ ለማስታወቂያ ድምፅ ሰጪዎችና ተራኪዎች

አማርኛ የሚያነብ ኮምፒውተር ከመጣ ቆይቷል። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ርካሹን የዩቲዩብ ትረካ እነሱ ቢወስዱት ብዙም አያስቆጭም። የሚያሳስበው ሌላው ነው፦ ዘንድሮ ለሳሙና ማስታወቂያ የቀዳችሁት ድምፅ ከርሞ እናንተ አይታችሁት የማታውቁትን የብድር ማስታወቂያ ሲያነብ መስማት።

ድምፅ የሚወጣው ከኢንተርኔት ብቻ አይደለም፣ ከስቱዲዮው ሃርድ ዲስክም ነው። ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ አንድ ሰዓት ስቱዲዮ ስትቀመጡ፣ የተበላሸው፣ የተደገመውና «እስቲ ትንሽ ሞቅ አድርገው» የተባለው ሁሉ ሲደመር ሙዚቃ ያልገባበት ንጹህ ድምፅ በብዙ ደቂቃ ይቀራል። የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር የሚያስመስለው ኢሌቨንላብስ የተባለው አገልግሎት፣ ድምፅን በተሟላ መልኩ ለማስመሰል ቢያንስ 30 ደቂቃ ንጹህ ድምፅ ይጠይቃል። ያ ፎልደር እንግዲህ ከተከፈላችሁበት ማስታወቂያ የበለጠ ዋጋ አለው ማለት ነው። ጥንቃቄው ከዚያ ይጀምር።

ከቀረጻ በፊት፦ ውሉ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለፈቃዱ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለ ድምፅ ግን አያነሳም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኞችን (ሥራን በንባብ፣ በዘፈን ወይም በትወና የሚያቀርቡትን) ቢጠብቅም፣ የሚጠብቀው የቀረጻችሁትን ክዋኔ ነው፤ ማሽን አዲስ ያነበበው ዓረፍተ ነገር የእናንተ ክዋኔ ነው ብሎ መከራከር አድካሚ ነው። በዚያ ላይ ያው አዋጅ በውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል። ስለዚህ ሕጉ የተወውን ውሉ ይሙላው። የሚከተለውን እንዳለ መገልበጥ ትችላላችሁ፦

«ይህ የድምፅ ቅጂ ከላይ በስሙ ለተጠቀሰው ማስታወቂያ፣ በተዘረዘሩት ማሰራጫዎች፣ ለ12 ወር ብቻ ያገለግላል። ቅጂውን በሙሉም ሆነ በከፊል ሰው ሠራሽ ድምፅ ለማሠልጠን፣ ድምፁን ለማስመሰል ወይም ለዚሁ ዓላማ ለሦስተኛ ወገን ለመስጠት የድምፅ ሰጪው የተለየ የጽሑፍ ፈቃድና ክፍያ ያስፈልጋል። ይህን የተላለፈ ወገን ብር ……… መቀጫ ይከፍላል።»

የመቀጫውን ቦታ ባዶ አትተዉት። ድምፃችሁ በመገልበጡ ስንት ብር እንዳጣችሁ ፍርድ ቤት ማስረዳት ከባድ ነው፤ በውል የተቆረጠ መቀጫ ግን ጉዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልግ ሊጠየቅ ይችላል። ለአንድ ማስታወቂያ የሚከፈላችሁን አምስት እጥፍ ያህል ብትጽፉ አይበዛም። እጅግ ከተጋነነ ደንበኛው አይፈርምም። ከሁለት ምስክሮች ጋር አስፈርሙ። በቴሌግራም «እሺ ተስማምተናል» መባባል ማስረጃ ሊሆን ቢችልም ውሉን አይተካም።

የማስታወቂያ ኤጀንሲው «ይሄ የተለመደ ፎርም ነው» ብሎ የራሱን ከሰጣችሁ፣ «በማናቸውም አሁን ባለ ወይም ወደፊት በሚፈጠር ቴክኖሎጂ» የሚለውን ሐረግ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። እሱን ሰርዙና በስርዙ ጎን ሁለታችሁም ፈርሙ።

ስቱዲዮ ውስጥ

ፒያሳም ቅዱ ሜክሲኮ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢም ይሁን አራት ኪሎ፣ ከቴክኒሻኑ ጋር ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ ካለቀ በኋላ ሁሉም ይቸኩላል። የሚመረጠው ቴክ (ከተደጋገሙት ንባቦች አንዱ) ከታወቀ በኋላ የቀረው ይጥፋ፣ ወይም በእናንተ ፍላሽ ይገልበጥና ከስቱዲዮው ኮምፒውተር ይሰረዝ። ሪሳይክል ቢኑም ባዶ ይሁን። ኤጀንሲው ለእርማት ይፈለጋል ካለ 30 ቀን ስጡትና ቀኑን ጻፉት።

ለደንበኛው የምታስረክቡት ሙዚቃና ኢፌክት የገባበትን፣ ያለቀውን ፋይል ይሁን። ሚክሱን (ድምፅና ሙዚቃ ማዋሃዱን) ራሳቸው ነው የሚሠሩት ከተባለ የተመረጠውን አንድ ቴክ ብቻ ስጡ። ሙዚቃው ግን ጋሻ አይደለም፤ እንደ ዴሙክስ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ድምፅን ከሙዚቃ ይለያሉ። ሲለዩ ጥራቱ ስለሚቀንስ የሚገለብጠውን ያደክመዋል እንጂ አያቆመውም። ሥራ ለማግኘት የምታሰሙት ናሙና (ዴሞ)ም እንዲሁ፦ ከ60 ሰከንድ አይብለጥ፣ ስምንትና አስር ሰከንድ እየሆነ የተቆራረጠ ይሁን፣ ከሥሩ ሙዚቃ ይኑረው። የአሥር ደቂቃ ትረካ ብቻውን ቻናላችሁ ላይ አትስቀሉ።

«200 ዓረፍተ ነገር አንብቡልን»

ይህ ሥራ በተለይ ለወጣት ተራኪዎች እየመጣ ነው። ማሽን ለማሠልጠን የድምፅ መረጃ ማሰባሰብ መሆኑ በቀላሉ ይታወቃል፦ ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ አይያያዙም፣ እያንዳንዱ በየራሱ ፋይል በቁጥር እንዲቀመጥ ይጠየቃል፣ ሙዚቃ የለም፣ ስሜት የለም፣ «በአንድ ዓይነት ድምፅ» ይባላል። ሥራው በራሱ ነውር የለበትም፤ ለአማርኛም ይጠቅማል። ዋጋው ግን የማስታወቂያ ዋጋ መሆን የለበትም፤ የምትሸጡት የአንድ ቀን ንባብ ሳይሆን ገና ያልተነበበውን ሁሉ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ድምፁ በእኔ ስም ይታወቃል ወይ? ምርቱን ማን ይሸጠዋል? ፋይሉ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ፈቃድ ይለቀቃል ወይ? አንዴ በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ድምፅ በሺዎች ኮምፒውተር ላይ ስለሚወርድ ማንም አይመልሰውም።

ከተገለበጠ በኋላ

ፌስቡክ ላይ ከመጮኻችሁ በፊት ማስረጃ ሰብስቡ፤ ጩኸቱ እንደተሰማ ቪዲዮው ይጠፋል። ቪዲዮውን ሙሉውን አውርዱ፣ ሊንኩን፣ የገጹን ስም፣ ቀንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪንሾት ያዙ፣ ሁለት ሰው አብሯችሁ እንዲያየው አድርጉ። ከራሳችሁ ኦሪጅናል ቅጂ ተመሳሳይ ቃላት ያሉበትን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ማሽን መሆኑን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ማጥበቅና ማላላቱ ነው። ፊደላችን ስለማያሳየው «የገና ቅናሽ» የሚለውን «ነ»ውን አላልቶ «ገና አልመጣም» እንደሚባለው ያነበዋል። ስልክ ቁጥርን እንደ ሚሊዮን ብር መቁጠርና «ዶ/ር»ን በፊደሉ ማንበብም አለ። ደቂቃና ሰከንዱን እየጠቀሳችሁ ዘርዝሩት።

ቪዲዮው ያለው ዩቲዩብ ላይ ከሆነ የኮፒራይት ቅጹን አትሙሉ፤ አዲስ የተነበበ ነገር ስለሆነ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ከ2024 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፊትን ወይም ድምፅን በሚያስመስል የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቪዲዮ ላይ ጥያቄ የሚቀርበው በግላዊነት አቤቱታ በኩል ነው። አመልካቹ ራሱ የድምፁ ባለቤት መሆን አለበት፤ ጓደኛ ቢሞላው ብዙውን ጊዜ አይቀበሉትም።

ጎን ለጎን ለአስተዋዋቂው ድርጅት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላኩ፤ ለኤጀንሲው ብቻ አይደለም። ኤጀንሲው ነገሩን ሊያድበሰብስ ይችላል፣ ስሙ የሚነሳበት ባንክ ወይም ፋብሪካ ግን ለስሙ ይሳሳል። ደብዳቤው ላይ የውሉን አንቀጽ፣ የመቀጫውን ብርና የመልስ ቀነ ገደብ አስፍሩ፤ አሥር ቀን ይበቃል። ደብዳቤውን የድርጅቱ ደብዳቤ መቀበያ (ፕሮቶኮል) ቢሮ አስገብታችሁ ግልባጩ ላይ ማኅተም አስመቱ፤ ያለዚያ «አልደረሰንም» ይላሉ።