የቢሮ ሙጫና ጥቁር ቀለም ከአንድ ብልቃጥ እንዴት ይሠራል?

ፖስታ የሚያሽግ ሙጫም፣ በመቃ ብዕር የሚጻፍበት ጥቁር ቀለምም ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ የግራር ሙጫ። ወረቀትን ከወረቀት ጋር የሚያጣብቀው እሱ ነው። ጥቀርሻን ይዞ ወረቀት ላይ የሚያቆየውም እሱው ነው። ስለዚህ ሙጫውን በደንብ መሥራት የቻለ ሰው የቀለሙን ሥራ ከግማሽ በላይ ጨርሷል ማለት ነው።

እዚህ የምጽፈው አሠራሩን ብቻ አይደለም። ሙጫው አልይዝ ሲል ምን እንደጎደለው እንዴት እንደሚታወቅም እናያለን። አዲስ ሙጫ ወይም አዲስ ቀለም መፍጠር የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ለምን የግራር ሙጫ?

የግራር ሙጫ የሚገኘው ቆላ ላይ ከሚበቅሉ አንዳንድ የግራር ዓይነቶች ነው። በበጋ ቅርፊቱ ሲቆስል ዛፉ ቁስሉ ላይ ወፍራም ፈሳሽ ያወጣል። ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቁት እንደ ጠጠር ይለቀማል። በዓለም ትልቋ አምራች ሱዳን ናት። በእኛም አገር በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች ይለቀማል። ውጭ አገር የሚኖር ሰው የሥዕል ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ በዱቄት መልክ ያገኘዋል። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ውስጥም ይገባል፤ እሽጉ ላይ ኢ 414 ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ውሃ ውስጥ በብዛት መሟሟቱ ነው። ስታርች ጥቂት ገብቶ ሲፈላ እንኳን ውሃውን ገንፎ ያደርገዋል። የግራር ሙጫ ግን የውሃውን ግማሽ ያህል ክብደት ቢገባም ገና ይፈሳል። ሲደርቅ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን እንደገና ውሃ ሲነካው እንደገና ያጣብቃል። ለብዙ ዘመን የቴምብርና የፖስታ ጀርባ በዚህ ሙጫ ይቀባ የነበረው ለዚህ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። ውሃ ከነካው ይለቃል። ፕላስቲክና ብርጭቆ ላይ አይታመንም። የወረቀት ሙጫ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

100 ግራም የግራር ሙጫ፣ 200 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን፣ አራት ወይም አምስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ሻሽ፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ብልቃጥ። ግሊሰሪን ከማንኛውም ፋርማሲ ይገኛል፤ ለቆዳ የሚቀባው ራሱ ነው። ለቀለሙ ደግሞ ጥቀርሻ፣ ጥቂት ስፒሪቶ፣ የአፍ መሸፈኛና ጓንት ያስፈልጋሉ።

ደረጃ 1፦ የገዙት ሙጫ መሆኑን ያረጋግጡ

ገበያ ላይ ሙጫና ዕጣን ጎን ለጎን ሊሸጡ ይችላሉ፤ ለዓይንም ይመሳሰላሉ። አንዲት ቁራጭ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርገው ያሳድሯት። የግራር ሙጫ ከሆነች ጠዋት ላይ አብጣ ወይም ሙሉ በሙሉ ሟሙታ ያገኟታል፤ ውሃውም ጣት ላይ ይጣበቃል። ዕጣን ከሆነች ውሃውን ወተት ታስመስለዋለች፤ ቁራጯ ግን ታች ትቀራለች። ዕጣን ከግማሽ በላዩ ውሃ የማያሟሟው ሬዚን ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ያሟሙት

ሙጫውን በሙቀጫ ሰበር ሰበር ያድርጉት። መላም የለበትም። በጣም ከላመ ውሃ ሲነካው ውጭው ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሠራል። ቅርንፉዱን በጥቂት የፈላ ውሃ ዘፍዝፈው ያቀዝቅዙና ከቀረው ውሃ ጋር ይደባልቁ፤ የውሃው ድምር ከ200 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ቅርንፉድ ሻጋታን ያዘገያል። ሽታውም ደስ ይላል።

ሙጫውን ውሃው ላይ ይጨምሩ፣ ያማስሉ፣ ይክደኑትና ያሳድሩት። በማግስቱም ካልሟሟ አንድ ቀን ይጨምሩለት። ብዙ ሰው ትዕግሥት ያጣና እሳት ላይ ይጥደዋል። ሙጫው ሲፈላ ይጠቁራል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ማፍጠን ግድ ከሆነ ብልቃጡን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

የዛገ ብረት ድስት ወይም የብረት ማንኪያ አይጠቀሙ። ከዝገቱ የሚወጣው ብረት ሙጫውን ያረጋዋል። ብርጭቆ፣ ሸክላ ወይም እንጨት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ አጥልለው ግሊሰሪን ይጨምሩ

የቅርፊት ስባሪና አሸዋ አይጠፋምና በሻሽ ያጥልሉት። የሚወርደው ፈሳሽ ቀጭን ማር ይመስላል። አሁን ግሊሰሪኑን ይጨምሩ።

እዚህ ላይ ቁጥብ መሆን ይሻላል። ግሊሰሪን የሌለበት ሙጫ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ ይረግፋል። ግሊሰሪን ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ አይደርቅም። ክረምት ላይ የታሸጉ ፖስታዎች መሳቢያ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይገኛሉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አየር አንድ የሻይ ማንኪያ ለ100 ግራም ደረቅ ሙጫ ጥሩ መነሻ ነው። እንደ ጅቡቲ ወይም ጂዳ ያለ ወበቃማ የባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል።

ደረጃ 4፦ ይፈትኑት

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኔ ግን የሥራው ሁሉ ልብ እዚህ ነው እላለሁ።

ሁለት ጣት ስፋት ያላቸው የወረቀት ቁራጮች ይቁረጡ። አንዱን ጫፍ በብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ሌላውን ይለጥፉበት፣ ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት ያሳድሩት። ጠዋት ቀስ ብለው ያላቅቁትና ፊቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይዩት። ከሦስቱ አንዱን ያገኛሉ።

ወረቀቱ ራሱ ከተቀደደና ቃጫው ከተነሣ ሙጫው ከወረቀቱ በልጧል፤ ከዚህ በላይ ማጠንከር ድካም ነው። የሚያብረቀርቀው ሽፋን በአንዱ ወረቀት ላይ ብቻ ቀርቶ ሌላው ንጹሕ ከሆነ ግን ሙጫው ያንን ንጹሕ ወረቀት አልያዘውም። ወይ ከመለጠፉ በፊት ደርቋል፣ ወይ ወረቀቱ ሰም የተቀባና ለስላሳ ነው። ሦስተኛው፣ ሽፋኑ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ወረቀት ላይ ሲገኝ ነው። ያኔ ሙጫው ወረቀቱን ይዟል፤ ራሱን መያዝ ነው ያቃተው። ውሃ በዝቶበታል ወይም ግሊሰሪን በዝቶበታል።

እነዚህ ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ዝም ብሎ «አልያዘም» ያለ ሰው ሙጫ ሲጨምርና ውሃ ሲቀንስ ይከርማል።

ወረቀቱ ከተንሻፈፈ ችግሩ የሙጫው ዓይነት ላይሆን ይችላል። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በአንድ በኩል ብቻ ሲጠጣ ይጠቀለላል። ስስ አድርጎ መቀባትና እስኪደርቅ መጫን ነው የሚበጀው።

ደረጃ 5፦ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ

ሁለተኛውን ዙር ሲሠሩ ውሃውን፣ ግሊሰሪኑን ወይም የማድረቂያውን ጊዜ ይለውጡ። ሁለቱን አብረው አይለውጡ። የተሻለ ውጤት ቢመጣ ከየትኛው እንደመጣ አያውቁትም። ብልቃጡ ላይ ቀኑንና መጠኑን ይጻፉ። የተለጠፉትን ቁራጮችም አይጣሉ፤ ደብተር ላይ ሰፍተው ያስቀምጡ።

ደካማ ሆኖ የወጣውንም አይድፉት። ስፔንሰር ሲልቨር የተባለ ስሪኤም (3M) የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1968 ጠንካራ ሙጫ ፍለጋ ላይ ሳለ ያገኘው ተቃራኒውን ነበር። ከጥቃቅን ሉሎች የተሠራ፣ ለቀቅ ብሎ የሚይዝና ሲላቀቅ ወረቀት የማይቀድ ሙጫ። ለዓመታት ሥራ አላገኘለትም። እ.ኤ.አ. በ1974 የሥራ ባልደረባው አርት ፍራይ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሲያገለግል የመዝሙር መጽሐፉ ምልክት ወረቀት እየወደቀ አስቸገረው። ያ ደካማ ሙጫ ትዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ፖስት ኢት፣ ማለትም ተለጥፎ የሚላቀቀው የማስታወሻ ወረቀት፣ በአሜሪካ ገበያ በሰፊው ወጣ። የሲልቨር ሙጫ ድሮም ጉድለት አልነበረበትም። የጎደለው የሚስማማው ሥራ ነበር።

የዳላሷ ጸሐፊ ቤቲ ኔስሚዝ ግራሃምም እንዲሁ ናት። በታይፕ ስትሳሳት ገጹን በሙሉ እንደገና መጻፍ ሰልችቷታል። ሠዓሊዎች ስሕተታቸውን ሳይፍቁ ቀለም ደርበው እንደሚሸፍኑ አስተዋለች። ነጭ ውሃ ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ቢሮ መግባት ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1956 መሸጥ ጀመረች። ዛሬ ፍሉድ የምንለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ኬሚስት አልነበረችም። የሚያስቸግራትን ነገር ግን ከማንም በላይ ታውቀው ነበር።

ደረጃ 6፦ ከዚያው ብልቃጥ ጥቁር ቀለም

የእኛ ጸሐፍት ብራና ላይ የጻፉበት ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥቀርሻ ነው። ሊቃውንቱ ሌሎች ነገሮችንም እየጨመሩ ለወራት ያቦኩት ነበር። የእሱን ሙሉ ሙያ በአንድ ጽሑፍ መጨረስ አይቻልም፤ እዚህ ያለው ቀለል ያለው መንገድ ነው።

ጥቀርሻ ለማግኘት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የምግብ ዘይት ያድርጉና የጥጥ ክር አስገብተው ያቀጣጥሉ። የብረት ሳህን ነበልባሉን ነካ እንዲያደርገው ከላይ ይደግፉ። ሳህኑ ሲጠቁር እሳቱን ያጥፉ፣ ያቀዝቅዙና በላባ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ወረቀት ላይ ያራግፉ። ይህን ደጅ ላይ፣ ልጆች በሌሉበት፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ያስፈልጋል። ጥቀርሻ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ የትንፋሽ ያህል አየር ያስነሣዋል።

ቀጥሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቀርሻ ይውሰዱ። ውሃ ቢያፈሱበት ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቅባታም ስለሆነ ውሃ አይቀበልም። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ስፒሪቶ ያድርጉበትና ሊጥ እስኪመስል ያሹት። ስፒሪቶው ተንኖ እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ በአካባቢው እሳት አይኑር። ሳይተን ሙጫ ከጨመሩበት ሙጫው ነጭ ሆኖ ይረጋና ሥራው ይበላሻል።

አሁን ከሠሩት ሙጫ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያድርጉበት። ለስላሳ ድንጋይ ወይም ወፍራም መስታወት ላይ በጠርሙስ ቂጥ እያዞሩ ይፍጩት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በደንብ ያልተፈጨ ቀለም ግራጫ ይሆናል፣ ብዕር ላይም ይጓጉላል። ጣት ላይ ምንም የሚሻክር ነገር ሲጠፋ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያቅጥኑት።

መቃ ቀርጸው ይሞክሩት። መስመሩ ሲደርቅ በጣት ይሹት። ጣት ላይ ጥቁር ከወጣ ሙጫ አንሶታል። መስመሩ የሚያብረቀርቅና ወረቀቱ ሲታጠፍ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ሙጫ በዝቶበታል። ዙሪያውን እንደ ሥር ከተሰራጨ ወይ ቀለሙ ቀጥኗል ወይ ወረቀቱ ቀለም ይመጥጣል፤ ሌላ ወረቀት ላይ ሞክሮ መለየት ይቻላል።

በዚህ መንገድ የተሠራ ቀለም ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ካርቦን ነውና። ውሃ ግን ያጥበዋል። ቀለም የሚሞላ የቢሮ ብዕር ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡት፤ ውስጡ ደርቆ ይደፍነዋል። ለመቃ፣ ለብሩሽና በእጅ ለሚጻፍ ርዕስ ነው የሚሆነው።

አቀማመጥ

ሙጫውንም ቀለሙንም ክዳን ባለው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ቅርንፉድ ሻጋታን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። የኮመጠጠ ሽታ ካመጣ ወይም ፊቱ ላይ ጸጉራም ነገር ካበቀለ ይድፉት። ትንሽ ትንሽ እያደረጉ መሥራት የሚሻለው ለዚህ ነው። ቀለሙ ሲቀመጥ ጥቀርሻው ታች ስለሚዘቅጥ ከመጻፍዎ በፊት ያማስሉት። አፉ ላይ የደረቀ ሙጫ ክዳኑን ከያዘው አይታገሉት፤ አንገቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢያቆዩት ይለቃል።