የሉኬሚያ ቫይረስ ያለባትን ተጫዋች ድመት ስትወስዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ድመት ለማሳደግ ወደ መጠለያ የሄደ ሰው ይህ ሊገጥመው ይችላል። ከሁሉም በላይ የምትዘልለው፣ የጫማ ክር ይዛ አልለቅም የምትለው ድመት «ፌልቪ አለባት» ይባላል። ፌልቪ የድመት ሉኬሚያ ቫይረስ ነው። በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ደም ማነስና ካንሰርም ያመጣል።

«ልጆቼን ይይዛቸዋል» ብሎ መሸሽ። አይይዝም። ቫይረሱ ወደ ሰውም ወደ ውሻም አይተላለፍም። ብዙ መጠለያዎች እንዲህ ያሉ ድመቶችን ወዲያው ይገድሉ ነበር። ዛሬ ግን ቴክሳስ ያለው «ኦስቲን ፔትስ አላይቭ»ን የመሳሰሉ ድርጅቶች ቤት ይፈልጉላቸዋል።

«እንዲህ እየተጫወተች ምን ሆነች?» ማለት። ይሄኛው ተቃራኒው ስህተት ነው። ቫይረሱ ምንም ሳያሳይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሰውነታቸው ሊቆጣጠረው ካልቻለ ድመቶች አብዛኞቹ በምርመራ ከታወቀ በኋላ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ይሞታሉ። ከዚያ በላይ የሚኖሩም አሉ። ግልገል ሳሉ የተያዙት ይብስባቸዋል። ይህን አውቆ መውሰድና ሳያውቁ መውሰድ አንድ አይደለም።

በአንድ ምርመራ መደምደም። መጠለያ ውስጥ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ በትንሽ ደም የቫይረሱን ፕሮቲን ይፈልጋል። ጥሩ ነው፣ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የአንዳንድ ድመቶች ሰውነት ቫይረሱን ተጭኖ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «አለባት» ከተባለ በሌላ ዓይነት የላቦራቶሪ ምርመራ ማረጋገጥና ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል። «የለባትም» የተባለችም በቅርቡ ተይዛ ከሆነ ገና ላይታይባት ይችላል። ሐኪሙን «መቼ እንድገመው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከቤት ድመት ጋር ማቀላቀል። በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዋናው መተላለፊያ ምራቅ ነው፤ ድመቶች ሲላላሱ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ ሲናከሱ። እናት ለግልገሎቿም ታስተላልፋለች። «ሁለቱ ተስማምተዋል እኮ» የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አደጋ ነው፤ የተስማሙ ድመቶች ይላላሳሉ! ክትባት አለ፤ ነገር ግን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ የተያዘችውንም አያድንም። ቀድሞ ቤት ያለችው ድመት መጀመሪያ ትመርመር። የሚያስተማምነው የተለየ ክፍልና የተዘጋ በር ነው። ደግነቱ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ ሳሙናም ይገድለዋል። ምንጣፍ መጣል አያስፈልግም። ጓደኛ ትፈልጋለች ካላችሁ ያው ቫይረስ ያለባትን ሌላ ድመት ጨምሩ። መጠለያዎች ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲሰጡ ደስ ይላቸዋል።

ወደ ውጭ መልቀቅ። የሰው ድመት ታስይዛለች፤ እሷም ሌላ በሽታ ይዛ ትመጣለች። ቤት ውስጥ ትጫወት።

ጥሬ ሥጋ ማቅመስ። በዓል ላይ ቁርጥ ቀርቦ ድመቷ ከሥር ስትለማመጥ መጨከን ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን ጤነኛዋ ድመት የምትቋቋመው ባክቴሪያ እሷን ሊጥላት ይችላል። በደንብ የበሰለውን ስጧት። ቅመምና ሽንኩርት ግን የለበትም፤ ሽንኩርት ለማንኛዋም ድመት መርዝ ነው።

እስክትታመም መጠበቅ። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ሐኪም ይያት፣ ደሟም ይመርመር። ቤት ውስጥ ደግሞ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩ፤ ከነጣ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። አቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ምግብ እምቢ ካለች «ነገ ትበላለች» ብላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ቀን ደውሉ። ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ኢንተርኔት ላይ «ያድናል» የሚሉትን ጠብታዎች ተዉአቸው።

ወጪውን ሳይጠይቁ መፈረም። የእንስሳት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የታወቀ በሽታን አይሸፍንም። መጠለያው በሕክምናው ያግዝ እንደሆነ ጠይቁ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ደግሞ ብዙ መጠለያዎች ለጥቂት ሳምንታት በአደራ ይሰጣሉ፤ ያኔ ምግብና ሐኪሙን ራሳቸው ይችላሉ ወይ ብላችሁ አጣሩ።