ውጭ አገር ገብቶ ሲም እምቢ ሲል፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትነሱ

እህቴ ዱባይ የገባች ሌሊት እናታችን አልተኛችም። አውሮፕላኑ ማረፉን እናውቃለን፣ ስልኳ ግን ዝግ ነው። በነጋታው በሌላ ሰው ስልክ ስትደውል ነው ነገሩ የገባን። ሲም ገዝታ ከትታለች፣ ስልኩ ግን አልቀበልም አላት። ስልኩን አክስታችን ከአሜሪካ የላከችላት ነው። ደሴ እያለች በዋይፋይ ብቻ ነበር የነካካችው።

ስልኩ ሲሙን አልቀበል ሲል

ብዙ ጊዜ ሲሙ ጤነኛ ነው። ስልኩ ነው ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈው። አሜሪካ በውል የሚሸጡ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው። የሚከፍተው ደግሞ የቆለፈው ኩባንያ ስለሆነ፣ ከሄዱ በኋላ ማስከፈት አድካሚ ነው። መፍትሄው እዚሁ ነው፦ ከመነሳታችሁ በፊት የራሳችሁን ሲም ከትታችሁ ደውሉበት። እምቢ ካለ ሌላ ስልክ ያዙ።

ሻጩ አልሸጥም ሲል

ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኬንያና ቱርክ ሲም የሚሸጠው በስም ተመዝግቦ ነው። ሳዑዲ አሻራም ይወስዳሉ። ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፣ በእጃችሁ ይሁን።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። መንገድ ላይ "የተከፈተ ሲም አለኝ፣ ፓስፖርት አያስፈልግም" የሚል ሰው ከመጣ እለፉት። ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው። ሲሙ ቢጠፋ ወይ ቢዘጋ ምትክ የሚሰጠው ለባለስሙ ነው፣ በዚያ ቁጥር ዋትስአፕ ከፍታችሁ ቤተሰብም አሰሪም እሱን ይዞ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ከሁሉም ትቆረጣላችሁ። ኤርፖርት ውስጥ ያለው ሱቅ ብዙ ጊዜ ከከተማው ይወደዳል። ለብቻዋ ለምትሄድ ልጅ ግን ከዚያው መግዛቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ከበሩ ሳትወጣ እናቷ ጋ ትደውላለች።

ሲሙ ሰርቶ የእናት ቁጥር አልገባ ሲል

ቁጥሩ በ09 ተይዞ ይሆናል። ከውጭ ሲደወል ዜሮዋ ትወጣና +251 ይገባል። የባሰው ግን ቁጥሮቹ ሲሙ ላይ የተያዙ ከሆነ ነው፤ የድሮው ሲም ሲወጣ አብረው ይሄዳሉ። ቀድማችሁ ወደ ስልኩ ገልብጧቸው። ዋና ዋናዎቹን በወረቀትም ጻፉ። እህቴ የደወለችልን እናታችን ከደብተር ቀዳ ፓስፖርቷ ሽፋን ውስጥ በሸጎጠችላት ብጣሽ ወረቀት ነው።

ጥሪ ይሰራል፣ ኢንተርኔት የለም

ዳታው መከፈቱን እዩ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ካልሆነ ኤፒኤን የሚባለው፣ ስልኩን ከኩባንያው ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ቅንብር አልተሞላ ይሆናል። ሻጩ ይሙላላችሁ። ኢንተርኔቱን ሳትሞክሩ ከሱቁ አትውጡ።

ዋትስአፕ ይጽፋል፣ አይደውልም

ዱባይ ከሆናችሁ ስልካችሁ ምንም አልሆነም። የዋትስአፕ ጥሪ እዚያ አገር ዝግ ነው። ጽሁፍና የድምፅ መልእክት ያልፋል፣ ለጥሪ ብዙ ሰው ቦቲም የሚባል መተግበሪያ ይጠቀማል። ቻይና ለዕቃ የምትሄዱ ነጋዴዎች ደግሞ በቻይና ሲም ዋትስአፕም ቴሌግራምም ፌስቡክም አይከፈትላችሁም፣ ስለዚህ ዊቻትን ከዚሁ ጭናችሁ ከቤተሰብ ጋር ሞክሩት።

ቱርክ የቆያችሁ፣ ሲሙ ሲሰራ ከርሞ ድንገት ጸጥ ካለ ቀኑን ቁጠሩ። ከውጭ የገባ ስልክ ካልተመዘገበና ግብሩ ካልተከፈለ ከ120 ቀን በኋላ በቱርክ ሲም አይሰራም። ሲም መቀያየር ብቻውን አያድናችሁም።

የባንክ ኮድ አልመጣም

ኮዱ የሚላከው ወደ ኢትዮጵያ ቁጥራችሁ ነው፣ እሱ ደግሞ ከስልኩ ወጥቷል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያዙ፣ ሮሚንጉንም፣ ማለት የኢትዮጵያ ሲማችሁ በውጭ አገር ኔትወርክ እንዲሰራ የሚያደርገውን አገልግሎት፣ ከመሄዳችሁ በፊት አስከፍቱ። ዋትስአፕ ቁጥር ልቀይር ወይ ብሎ ሲጠይቃችሁም የድሮውን አቆዩት።

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ ጅቡቲ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ጋላፊ ሳትደርሱ የዳታ ሮሚንጉን ዝጉት። ድንበር አካባቢ ስልኩ ሳታውቁ የወዲያኛውን ኔትወርክ ከያዘ ሂሳባችሁን ይበላዋል።